የጋዜጠኛው ሆድና ሦስቱ መርፌዎች፦ ቤይጂንግ፣ 1971

ስለ ቻይና የመርፌ ሕክምና፣ ስለ አኩፓንቸር፣ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ታሪክ አብሮ ይነሳል። «አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቻይና ሄዶ ታመመ። ያለ ማደንዘዣ፣ በመርፌ ብቻ ትርፍ አንጀቱን አወጡለት። ምንም አልተሰማውም» ይባላል። ጋዜጠኛው እውነተኛ ሰው ነው። ሕመሙም፣ ቀዶ ጥገናውም፣ መርፌውም እውነት ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ተዛብቷል፤ በዚያ መዛባት ላይ ደግሞ ብዙ ነገር ተገንብቷል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። የመርፌ ሕክምና ምን ሊያደርግ ይችላል፣ ምን አያደርግም የሚለውን ለመረዳት ከዚህ አልጋ የተሻለ መነሻ አላውቅም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየውና ሕመሙ

ጄምስ ሬስተን የኒውዮርክ ታይምስ ምክትል ፕሬዝዳንትና ስመ ጥር አምደኛ ነበር። ዕድሜው 61። ጁላይ 8 ቀን 1971 ከባለቤቱ ከሳሊ ጋር ደቡብ ቻይና ገባ። ያን ጊዜ አሜሪካና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራቸውም፤ ለአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቪዛ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ባልና ሚስቱ በቀጥታ ወደ ቤይጂንግ ለመብረር ፈለጉ። ዕቅዱ ተለውጧልና ጓንግዡ አካባቢ ቆዩ፣ ከዚያ በባቡር ትሄዳላችሁ ተባሉ። ዋና ከተማዋ የደረሱት ጁላይ 12 ጠዋት ነበር።

የመዘግየቱ ምክንያት የታወቀው ጁላይ 16 ነው። አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሬስተንን ጠርተው ነገሩት። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የደኅንነት አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀር ከጁላይ 9 እስከ 11 በምስጢር ቤይጂንግ ነበር። ፕሬዝዳንት ኒክሰንም ከሜይ 1972 በፊት ቻይናን ይጎበኛሉ። የዘመኑ ትልቁ ዜና እሱ ባቡር ሲጠብቅ አልፎታል ማለት ነው። ሬስተን በኋላ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው ውጋት ብሽሽቱ አካባቢ የተሰማው ልክ በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል ብሏል። ማታ ላይ ትኩሳቱ ወደ 39.4 ዲግሪ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ሄደ። ሆስፒታሉ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ተገንብቶ በ1921 የተመረቀ ነው። በባህል አብዮቱ ጊዜ ግን ስሙ ተቀይሮ «ፀረ ኢምፔሪያሊስት ሆስፒታል» ሆኖ ነበር። ግራጫ ጡብ ግድግዳ፣ አረንጓዴ የሸክላ ጣሪያ ያላቸው ሕንጻዎች፣ በከተማው መሃል። ዛሬም በቻይና ከሚከበሩት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ 11 አንጋፋ ስፔሻሊስቶች እንዲመክሩበት አደረጉ። መደምደሚያው አንድ ነበር፦ የትርፍ አንጀት ብግነት ነው፣ ይቆረጥ።

ያኑ ዕለት ማታ ፕሮፌሰር ዉ ዌይራን ቀዶ ጥገናውን አደረጉ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ታሪኩ የሚጣመመው እዚህ ነውና። ሬስተን የደነዘዘው በተለመደው መድኃኒት ነው። እኛም አገር በደንብ የሚታወቀው ሊዶካይን፣ ከቤንዞካይን ጋር፣ ጀርባው ላይ ተወጋ። ነቅቶ ነበር፤ አስተርጓሚ አጠገቡ ሆኖ የሐኪሞቹን መመሪያ ይነግረው ነበር። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሥራው ተጠናቆ ክፍሉ ተመልሷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የአኩፓንቸር መርፌ የለም።

ሁለተኛው ሌሊት

ሆድ የተከፈተለት ሰው ወይም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል። ቁስሉ ያምማል፤ የባሰው ግን የሆድ መነፋት ነው። አንጀት በእጅ ከተነካ በኋላ ሥራውን ያቆማል። ጋዝ ይጠራቀማል፣ ሆድ ይወጠራል፣ ሕመምተኛው መገላበጥም ያቅተዋል። ነርሷ በየጊዜው እየመጣች «አየር ወጣልህ?» የምትለው ለዚህ ነው። አየር ከወጣ አንጀቱ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

ሬስተን በሁለተኛው ሌሊት እዚህ ላይ ነበር። ፈቃዱ ተጠይቆ የሆስፒታሉ የአኩፓንቸር ሐኪም ዶክተር ሊ ቻንግዩዋን መጡ። ሦስት ረጃጅም ቀጫጭን መርፌዎችን በቀኝ ክርኑ ውጫዊ ጎንና ከጉልበቶቹ በታች ሰኩ። መርፌዎቹን በጣት እየያዙ አሽከረከሯቸው። ሬስተን እጅና እግሩን የሕመም ሞገድ ሲያቋርጠው ተሰማው። ይህ ቢያንስ ሐሳቡን ከሆዱ ላይ እንዳነሳለት ጽፏል። ቀጥሎ ዶክተር ሊ ሁለት የተጠቀለሉ የደረቁ ቅጠሎችን አቀጣጠሉ። ሬስተን የርካሽ ሲጋር ቁራጭ ይመስሉ ነበር ይላል። የሚጨሰውን ጫፍ ወደ ሆዱ አስጠግተው ያዙ፤ መርፌዎቹንም አልፎ አልፎ ያዞሯቸው ነበር። ሁሉም ነገር 20 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጥረቱ በግልጽ ቀነሰ። ከዚያም በኋላ አልተመለሰበትም።

ጉዳዩ ይኸው ነው። የሆድ መነፋት፣ ሦስት መርፌ፣ ጥቂት ጭስ፣ በአንድ ሰዓት እፎይታ።

ዶክተር ሊ 36 ዓመታቸው ነበር። የሕክምና ኮሌጅ አልገቡም። ሙያውን የተማሩት ከባለሙያ ሥር ሆነው ነው። መርፌውን የተለማመዱትም በራሳቸው ገላ ላይ ነበር። አንድ ሰው ላይ ጉዳት ከማድረስ ራስን ሺህ ጊዜ መውጋት ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። ኮሌጅ ያልገባ የመርፌ ሐኪም ከፕሮፌሰር ቀዶ ሐኪም ጋር በአንድ ሆስፒታል መሥራቱ ለሬስተን እንግዳ ነበር። ለቻይና ግን የመንግሥት ፖሊሲ ነው። በ1929 የአገሬው ሕክምና ይታገድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከ1949 በኋላ ማኦ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። ሐኪም ጥቂት፣ ሕዝቡ ብዙ ነበርና ሁለቱ ሕክምናዎች እንዲተባበሩ አዘዙ።

ሆድ ሲያም ጉልበት ለምን ይወጋል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በቻይና ባህላዊ ሕክምና ቲዎሪ ውስጥ ነው፤ ተግባሩም ያለ ቲዎሪው ትርጉም የለውም።

በዚህ ትምህርት መሠረት በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል ይዘዋወራል። የሚሄድባቸው 12 ዋና መስመሮች አሉ፤ ሌሎች ተጨማሪ መስመሮችም አሉ። እያንዳንዱ ዋና መስመር ከአንድ የውስጥ አካል ጋር ይያያዛል። የጨጓራ መስመር ከዓይን ሥር ይነሳል። በፊት፣ በደረትና በሆድ አልፎ በእግር ፊት ለፊት ወርዶ ሁለተኛዋ የእግር ጣት ላይ ያበቃል። የትልቁ አንጀት መስመር ደግሞ ከእጅ አመልካች ጣት ተነስቶ በክንድ ውጫዊ ጎን፣ በክርን በኩል ወጥቶ አፍንጫ አጠገብ ይደርሳል። ስለዚህ ጉልበትና ክርን መወጋታቸው በአጋጣሚ አይደለም። አንዱ የጨጓራ፣ ሌላው የአንጀት መንገድ ነው።

ሬስተን የነጥቦቹን ስም አልጻፈም። ቦታቸውን ግን ጽፏል፤ የገለጸው ቦታ ከሁለት በጣም ከታወቁ ነጥቦች ጋር ይገጥማል። አንዱ «ዙሳንሊ» ነው። እስቲ ራስዎ ላይ ይፈልጉት። ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው ይቀመጡ። ከሎሚው በታች፣ በውጭ በኩል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ከዚያ አራት ጣትዎን አግድም አስተኝተው ወደ ታች ይለኩ። ከዚያ ከቅልጥም አጥንቱ ጠርዝ የአንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ይሂዱ። ጠንከር አድርገው ሲጫኑት የሚቆረቁር ቦታ ያገኛሉ። ልኬቱ በሕመምተኛው በራሱ ጣት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ረጅም ሰውም አጭር ሰውም ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሁለተኛው «ኩቺ» ነው። ክርንዎን ሲያጥፉ የሚፈጠረው እጥፋት በውጭ በኩል የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይገኛል።

የጨጓራ «ቺ» ወደ ታች መውረድ አለበት ይላል ቲዎሪው። ሆድ ሲቆረጥ ይታገዳል፣ ይቆማል፣ ይነፋል። የመርፌው ሥራ መንገዱን መክፈት ነው። መርፌ መሰካት ብቻ ግን አይበቃም። ሐኪሙ ያዞረዋል፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሕመምተኛው የመክበድ፣ የመደንዘዝ ወይም የሚሰራጭ ዓይነት የመቆርጠም ስሜት እስኪሰማው ድረስ። ያ ስሜት ካልመጣ መርፌው አልሠራም ይባላል። የሬስተን ሞገድ ይህ ነው።

ጭሱም የራሱ ቦታ አለው። ቅጠሉ ከእኛ አሪቲና ጭቁኝ ጋር አንድ ዘር ነው። ሽታውን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሙቀቱ ቅዝቃዜን ይፈታል፣ የቆመውን ያንቀሳቅሳል ይላሉ። እንዲያውም ጭሱ ከመርፌው ሳይቀድም አልቀረም። ማዋንግዱዪ በሚባል የቻይና ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከታሸገ መቃብር ውስጥ በ1973 ጽሑፎች ተገኝተዋል። መስመሮቹን ይገልጻሉ፤ ግን 12 ሳይሆን 11 ናቸው። ሕክምናውም ቅጠል ማጨስ እንጂ መርፌ አይደለም። ይህ ግኝት ለእኔ ትልቅ ነገር ይናገራል። ቲዎሪው አንድ ቀን ሙሉ ሆኖ ከሰማይ አልወረደም። ሰዎች እየሞከሩ፣ እየጨመሩ፣ እያስተካከሉ የሠሩት ነው።

መስመሮቹን በሰውነት ውስጥ ከፍቶ ያየ አናቶሚስት የለም። ጅማት፣ ነርቭ፣ የደም ሥር ይገኛል፤ የጨጓራ መስመር የሚባል ቱቦ ግን የለም። ይህንን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ቢሆንም «ቱቦው ስለሌለ ሁሉም ነገር ባዶ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ካርታው የተሳለበት ቋንቋ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እግር ሲነካ ሆድ ይመልሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ለብቻው ሊፈተን ይችላል።

ታሪኩ እንዴት ሌላ ሆነ?

የሬስተን ጽሑፍ ጁላይ 26 ቀን 1971 በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ወጣ። አፖሎ 15 ወደ ጨረቃ የተነሳችው በዚያው ዕለት ነው። ሰው ስለ መርፌው ብቻ ያወራ ጀመር። ሬስተን የሆነውን በትክክል ነው የጻፈው፤ ማደንዘዣው ምን እንደነበረ በስም ጠቅሷል። መርፌውን ለመሞከር ሲል ሆን ብሎ አልታመመም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲናፈስም አስተባብሏል።

ነገሩ የተቀላቀለው በሌላ በኩል ነው። በእነዚያ ዓመታት ቻይና በመርፌ ማደንዘዣ የሚደረግ ቀዶ ጥገናን ለእንግዶች ታሳይ ነበር። አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1971 ሄደው አዩ። በፌብሩዋሪ 1972 ከኒክሰን ጋር የሄዱት የዋይት ሃውስ ሐኪምም አዩ። ደረቱ ተከፍቶ የሚያወራ ሕመምተኛ ማየት ያስደነግጣል። የሬስተን አልጋና እነዚያ የቀዶ ጥገና ክፍሎች በሰው አፍ ላይ አንድ ታሪክ ሆኑ።

ማሳያዎቹ ደግሞ ጀርባ ነበራቸው። ሕመምተኞቹ ተመርጠው የሚገቡ ነበሩ። ቀድመው ተዘጋጅተዋል፣ ተለማምደዋል። ከመርፌው ጎን ለጎን ማረጋጊያና አካባቢን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። መርፌው ምንም አላደረገም አልልም። ግን ብቻውን አልነበረም።

ወሬው ሕግ እስከመለወጥ ደረሰ። ኔቫዳ በ1973 የቻይና ባህላዊ ሕክምናን በሙያነት ፈቃድ በመስጠት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ1996 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መርፌዎቹን ከሙከራ መሣሪያነት አውጥቶ በመደበኛ የሕክምና መሣሪያነት መደባቸው።

አንዱ አልጋ ምን ይነግረናል?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሬስተንን ያዳነው መርፌው ነው?

ከቀዶ ጥገና በኋላ ትንሹ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይነቃል። ጨጓራ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ትልቁ አንጀት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሬስተን መርፌ የተወጋው በሁለተኛው ሌሊት ነው። ማለትም ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ሊፈታው በተቃረበበት ሰዓት። መርፌ ባይወጋ ኖሮ በዚያው ሌሊት ሊተነፍስ ይችል ነበር። ሌላም አለ። ኃይለኛ ሕመም ሌላውን ሕመም ይሸፍናል፤ ይህን ሬስተን ራሱ ጽፎታል። ሞቅ ያለ ነገር ሆድ አጠገብ መያዙም ያላላል። ሐኪም 20 ደቂቃ ሙሉ አጠገብህ ሆኖ ሲያክምህ የሚሰማህ እፎይታም ቀላል አይደለም።

በአንድ ሰው ላይ እነዚህን መለየት አይቻልም። ሬስተን ሐቀኛ ምስክር ነው፤ ግን ሐቀኛ ምስክርም ያየውን እንጂ ምክንያቱን መመስከር አይችልም።

በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ የሆነ ሌላ ነገር ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። በኦክቶበር 1971 ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ ከዚሁ ከአሪቲ ዘር ከሆነ ሌላ ተክል ያወጣችው ቅመም የአይጥ ወባን ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ያ ግኝት አርቴሚሲኒን ሆነ። ዛሬ በየጤና ጣቢያችን ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም መሠረቱ እሱ ነው። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። መነሻው የድሮ የቻይና የሕክምና ጽሑፍ ነበር። ግን ቅጠል ይጨመቃል፣ ንጥረ ነገሩ ይለያል፣ ከሌላ ክኒን ጋር ይነጻጸራል። መርፌ አይጨመቅም። የውሸት ክኒን መሥራት ቀላል ነው፤ የውሸት መርፌ ግን ራሱ መርፌ ነው። ቆዳ መንካቱ ብቻ አንድ ነገር ያደርጋል። አኩፓንቸርን መመርመር ይህን ያህል ያስቸገረው በዋናነት ለዚህ ነው።

የጀርመኑ የወገብ ሕመም ጥናት ይህን አጉልቶ አሳይቷል። በ2007 የወጣ ሲሆን 1162 ሰዎች ተሳትፈውበታል። በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 በመቶው ተሻላቸው። በተሳሳተ ቦታ፣ ከላይ ከላይ ብቻ ከተወጉት 44.2 በመቶው። መደበኛ ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶው ብቻ። መርፌው ከተለመደው ሕክምና በግልጽ በልጧል። ነጥቡ የት ነው የሚለው ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ይህ ውጤት ለመስመሮቹ ቲዎሪ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን መጥፎ ዜና አይደለም።

ደስ የሚለው፣ የሬስተን ችግር ራሱ በቀጥታ ተፈትኗል። ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ የቆመ አንጀትን መርፌ ያነቃዋል ወይ? ኒውዮርክ በሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የተደረገና በ2013 የወጣ ጥናት ልዩነት አላገኘም። በዚያው ዓመት የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች 165 የአንጀት ካንሰር ሕሙማንን በላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ) ከቀደዱ በኋላ ኤሌክትሪክ በተገናኘ መርፌ ሞከሩ። ሰገራ የወጣላቸው በአማካይ ከ86 ሰዓት በኋላ ነው። ምንም ያልተወጉት 122 ሰዓት ቆዩ። በ2022 ደግሞ ከቻይና 248 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ወጣ። እውነተኛውን መርፌ ያገኙት ከ76 ሰዓት በኋላ፣ የውሸቱን ያገኙት ከ90 ሰዓት በኋላ ሰገራ ወጣላቸው። አንጀታቸው ለረጅም ጊዜ የቆመባቸው ሰዎች ቁጥርም በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ለምን እግር የሚለው ጥያቄም ፍንጭ አግኝቷል። በሃርቫርድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2021 ያወጡት የአይጥ ጥናት አለ። በዙሳንሊ ቦታ በጥልቀት የሚገኙ የተወሰኑ የነርቭ ጫፎች አሉ። በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነኩ ምልክቱ ወደ አንጎል ሄዶ አንጎልን ከሆድ ዕቃ ጋር በሚያገናኘው በቬገስ ነርቭ በኩል ይመለሳል፣ ብግነትንም ይቀንሳል። ሆድ ላይ ያለ ነጥብ በዚያው መጠን ሲነካ ግን ይህ አልሆነም። አይጥ ሰው አይደለም። ግን እግር ተነክቶ ሆድ የሚመልስበት የነርቭ መንገድ እንዳለ ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መርፌው የሬስተንን አንጀት ሳያግዘው አልቀረም፤ ምን ያህሉ የመርፌው፣ ምን ያህሉ የጊዜው እንደሆነ ግን ከዚያ አልጋ ማንም ሊለይ አይችልም። ከኋላ የመጡት ጥናቶች ጥቅሙን የሰዓታት ያደርጉታል። አሥራ አራት ሰዓት ቀድሞ መተንፈስ ሆዱ ለተነፋ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ተአምር ግን አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሊታወስ የሚገባው የሐኪሞቹ ውሳኔ ነው ብዬ አስባለሁ። በቀኝ በኩል ከእምብርት በታች የሚወጋ፣ ትኩሳት ያለው ሕመምተኛ ቀረበላቸው። አገሪቱ መርፌዋን ለዓለም በምታሳይበት ወቅት፣ በጠቅላይ ሚኒስትሯ ትእዛዝ የተሰበሰቡ ሐኪሞች ናቸው። ቢላዋውንና ሊዶካይኑን መረጡ። የተመረዘ ትርፍ አንጀት ከፈነዳ ይገድላልና። መርፌው የመጣው አደጋው ካለፈ በኋላ፣ ለምቾት ነው። ዛሬም እንዲህ ያለ ሕመም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት ድንገተኛ ክፍል ነው። ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ ሆዱ ከተነፋበት ደግሞ ቀድሞ እንዲነሳና እንዲራመድ፣ ማስቲካ እንዲያኝክ፣ ሞርፊን እንዲቀነስለት ይደረጋል። የሠለጠነ ባለሙያና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ንጹሕ መርፌ ካለ፣ ቀዶ ሐኪሙም ከተስማማ፣ ዙሳንሊም በዚህ ላይ ሊጨመር ይችላል።